አባቴ የመታው ጭልፊት

የአባቴን ጠመንጃ ድምፅ ከመንደሩ ጠመንጃ ሁሉ ለይቼ አውቀዋለሁ፤ ሰው የአባቱን ሳል እንደሚያውቀው ነው። ያን ቀን ከቤታችን በታች ባለው የቤርጋሞት ማሳ ውስጥ የደረቀ ቅርንጫፍ ስቆርጥ ነበር። ቤርጋሞት ሽቶ የሚወጣው መራራ ሎሚ ነው፤ መንደራችን የምታድረው በእሱ ነው። ከተራራው ጫፍ አንድ ተኩስ ተሰማ። አባዬ ነው አልኩና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ነገር ቅጠሉን እየበጣጠሰ ከዛፎቹ መካከል ወደቀ። ቀርቤ ሳየው አዶርኖ ነው። በየጸደዩ ከአፍሪካ ተነሥቶ፣ ከሲሲሊ ወደ እኛ ባሕሩን ተሻግሮ፣ በተራራችን ላይ የሚያልፈው ጭልፊት ነው። አንድ ክንፉ ተንጠልጥሏል። በጀርባው ተንጋሎ፣ ጥፍሩን ወደ እኔ ቀስሮ፣ ቢጫ ዓይኑን ከዓይኔ ሳይነቅል ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል።

በልጅነቴ በእናቴ ማድ ቤት የስንቱን አዶርኖ ላባ ነጭቻለሁ። በሕይወት ያለ ግን ከዚያ ቀን በፊት በቅርብ አይቼ አላውቅም። እንዲያ ትክ ብሎ ሲያየኝ አንጀቴን በላው።

የእኛን አገር ወንዶች ነገር አንዴ ካነሣሁ ሳልጨርሰው አልተውም። በጸደይ አንድ አዶርኖ ያልጣለ ባል ሚስቱ ትሄድበታለች፣ እሱም ቀንድ ያበቅላል ይባላል። ማን እንዳለው አይታወቅም፤ መቼም ሴት አይደለችም ያለችው። ሕግ አደኑን ከከለከለው ቆይቷል፤ የተያዘ ሰው ጠመንጃውን ተነጥቆ ፍርድ ቤት ይቆማል። እነሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው፣ ተራራው ጫፍ ላይ በሠሩት የሲሚንቶ መሸጊያ ተደብቀው ይተኩሳሉ።

አባቴ ዴሜትሪዮ በወጣትነቱ አልሞ የሳተው ነገር የለም ይባል ነበር። አሁን እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ካለፉት ጥቂት ጸደዮች ወዲህ ከተራራው ባዶ እጁን ነው የሚወርደው። ቡና ቤት ሲገባ ጎረቤታችን ሳቬሪዮ ሁለት ጣቶቹን ግንባሩ ላይ እንደ ቀንድ ያቆማል፤ ሌላው ይስቃል፤ አባቴም አብሮ ይስቃል። ቤት ሲመጣ ግን እናቴን ቀና ብሎ አያያትም። እናቴ ኑንዚያታ ደግሞ ከቤቷ፣ ከማሳውና ከቤተ ክርስቲያን ሌላ መንገድ የማታውቅ ሴት ናት።

ውሻችን ከላይ ሲጮህ ሰማሁ። አባቴ የመታውን ሊያነሣ እየወረደ ነው። ከደረሰ አንገቱን ጠምዝዞ፣ ወደ ቡና ቤት ወስዶ፣ ሳቬሪዮ ፊት ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋዋል። ይህን ያህል እንደሚያስፈልገው አውቃለሁ። አውቄም ሹራቤን አውልቄ ወፉን ጠቀለልኩት፣ ፍሬ በምንለቅምበት ሣጥን ውስጥ አስተኛሁትና በታችኛው መንገድ ወረድኩ።

የመንደራችን የእንስሳት ሐኪም ከአባቴ ጋር ከአንድ መሸጊያ የሚተኩስ ሰው ነው። እሱ ዘንድ ብወስደው ላባውን ነጭቶ ለአባቴ ይመልስለታል። ስለዚህ ወደ ወደቡ ሄጄ፣ መሻገሪያው መርከብ ላይ ወጣሁና ባሕሩን ተሻግሬ ሲሲሊ ዳር ካለችው ከተማ መሲና ገባሁ። መርከቡ ላይ አንዲት ሴትዮ ዶሮ ይዤ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት፤ ትጥላለች ወይ ስትለኝ ጊዜ ፊቴን ወደ ባሕሩ አዞርኩ።

ወደቡ አካባቢ እያጠያየቅኩ አንድ ጠባብ የእንስሳት ክሊኒክ አገኘሁ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ፀጉሩን ያበጠረው አይመስልም፣ እጁን ድመት ቧጭሮታል። ሌቴርዮ ይባላል። ሹራቡን ገልጦ ወፉን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። የተንጠለጠለውን ክንፍ ዳሰሰው፤ ራጅ አነሣውና ፊልሙን ወደ ብርሃኑ ይዞ አሳየኝ። በተሰበረው አጥንት ዙሪያ ነጫጭ ነጥቦች ተበትነዋል። የእርሳስ ጥይት ነው።

«የት አገኙት?» አለኝ።

«መሬት ላይ።»

«የየት አገር መሬት?»

«የሚያክሙት ወፉን ነው ወይስ መሬቱን?»

ሳቁን ዋጠ። ከዚያ ወንበር ስቦ ከፊቴ ተቀመጠና ነገሩን በግልጽ ነገረኝ። በሕግ የተጠበቀ ወፍ በጥይት ተመትቶ ሲመጣለት ለደን ጠባቂዎቹ መንገር ግዴታው ነው። ይነግራቸዋልም። ማን እንደመታው ከጠየቁት ደግሞ የሚያውቀውን ይናገራል። ውሸት አይችልም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሞክሮ እንዳልሆነለት ሲነግረኝ ቀልድ መሰለኝ፤ ቀልድ አልነበረም።

«የማላውቀውን ግን ማንም አያስወራኝም» አለ። «ስለዚህ ሊነግሩኝ ካልወሰኑ ምንም እንዳይነግሩኝ።»

እዚያው ፊቴ ደወለላቸው። የተመታ አዶርኖ እንደመጣለት፣ ያመጣችው ሴት መሬት ላይ አገኘሁት ከማለት ሌላ እንደማትናገር ነገራቸው። እነሱም አክመው አሉት፤ ከዳነና የሚለቀቅ ከሆነ መጥተው እንደሚያዩ፣ ያን ጊዜም እንደገና እንደሚጠይቁት ነገሩት።

የዚያን ዕለት ማታ አባቴ ከእራት ላይ ቀና ብሎ አንድ አዶርኖ መትቶ እንደነበር ተናገረ። ገደሉ ውስጥ ወድቆበት፣ እሱና ውሻው ቢፈልጉ ቢፈልጉ እንዳጡት አወራ። እናቴ ሾርባ ጨመረችለት። እኔ ዳቦዬን እየቆራረስኩ አንገቴን ደፋሁ።

ቡና ቤት ማንም አላመነውም። ሳቬሪዮ እስቲ አንድ ላባ እንኳ አሳየን አለው አሉ። አባቴ በማግሥቱም፣ ከዚያም በኋላ ገደሉን ሲፈትሽ ሰነበተ። ከዚያ ተወው፤ ቡና ቤት መሄዱንም ተወ። በር ላይ ወንበር አውጥቶ ባሕሩን እያየ መዋል ያዘ። አንድ ቃል ብተነፍስ አንገቱ ቀና እንደሚል አውቃለሁ። ያው ቃል ደግሞ ጠመንጃውን ያስነጥቀዋል፣ በስተርጅና ፍርድ ቤት ያቆመዋል። የሆዴን በሆዴ ይዤ ዝም አልኩ።

ወፉ አጥንቱ ውስጥ ብረት ገብቶለት፣ ክንፉ ታስሮ ተኛ። ሳየው ስሄድ ግን ሌቴርዮ ሐሳብ ገብቶት አገኘሁት። ሥጋ ቢያቀርብለት፣ ጫጩት ቢያቀርብለት አልነካም ብሏል። አዶርኖ ተርብ የሚበላ ጭልፊት ነው፤ ምግቡ ተርብ ቤቱ ውስጥ የሚያሳድገው ነጭ እጭ ነው። መሲና መሐል ተርብ ከየት አመጣለሁ ብሎ ፀጉሩን አሻሸ። የእኛ ቤት ጣሪያ ተርብ በተርብ ነው አልኩት። እንግዲያው አምጪልኝ አለኝ። ተርብ አምጪ የተባለች ሴት ብዙም የለችም መሰለኝ፣ ደስ አለኝ።

ጭስ አጨስኩና ከጣሪያው ሸክላ ሥር የተርብ ቤት ነቀልኩ። ጭሱ ለአንዳንዶቹ ተርቦች ምናቸውም አልነበረም። መርከቡ ላይ ሰው ሁሉ ከአጠገቤ ሸሽቶ ቆመ፤ አንዱ ዓይኔ ጭራሽ ተደፍኗል፣ ከንፈሬ እንደ ዳቦ ተነፍቷል። ክሊኒኩ ስገባ ሌቴርዮ በእጄ የያዝኩትን አላየም። አገጬን ይዞ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞረው።

«ዛሬ ማንኛችሁን ነው የማክመው?» አለ።

«እሱን። እኔ የተርቡን ድርሻዬን በልቻለሁ።»

በረዶ በፎጣ ጠቅልሎ ዓይኔ ላይ ያዘልኝ። በሌላኛው ዓይኔ አየሁት። ይህን ያህል ቀርቦኝ የቆመ ወንድ አልነበረም፤ ከነበረም ልቤ እንዲህ መትቶ አያውቅም። ከጥጉ በኩል ደግሞ አዶርኖው የተርቡን ቤት በጥፍሩ ይዞ፣ እጩን አንድ በአንድ እየመዘዘ መብላት ጀመረ። የዚያን ዕለት ሌቴርዮ ከደስታው ብዛት በረዶውን ረስቶት አንገቴ ውስጥ ቀለጠ።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ቅዳሜ ሄድኩ። እናቴ ስትጠይቀኝ ዕቃ ልገዛ ነው አልኳት፤ ባዶ ዘንቢል ይዤ ስመለስም ምንም አላለችኝ። እሱን መቼ «አንተ» ማለት እንደጀመርኩ አላስታውስም። ሥራውን ሲጨርስ ከወፉ ማደሪያ ፊት መሬቱ ላይ እንቀመጣለን። አባቱ ዕድሜውን ሙሉ መሻገሪያው መርከብ ላይ የሠራ ሰው እንደነበረ፣ ምሳውን በእኛ ዳር በልቶ እራቱን በእነሱ ዳር ይበላ እንደነበር አጫወተኝ። እሱም የእኛን ተራራ ከመስኮቱ እያየ ነው ያደገው። ጸደይ ሲሆን ተኩሱ ባሕሩን ተሻግሮ ይሰማቸው ነበር። ይህን ሲለኝ ወደ እኔ አልዞረም። ከየትኛው ዳር እንደመጣሁ በአነጋገሬም፣ በመርከቡም ሰዓት ያውቃል፤ ያልነገርኩትን ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀኝም።

ወደድኩት፤ ሌላ ምን እላለሁ? አረጀች ብሎ ሰው የጣላትን ውሻ እንኳ እንደ እመቤት የሚያናግር፣ ሲያስብ ከንፈሩን የሚነክስ፣ ውሸት የማይሆንለት ሰው ወደድኩ። ቅዳሜ መምጫዋ ረዘመብኝ። ማሳ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ የጎረቤት ሴቶች አዩኝ።

በሐምሌ አንድ ምሽት ወደቡ ላይ ሊሸኘኝ መጣ። መርከቡ ሰው እያወረደ ነበር። እጄን ያዘኝና ቤተሰቦቼን መተዋወቅ እንደሚፈልግ ነገረኝ። አይሆንም አልኩት። በእኔ ታፍሪያለሽ ወይ አለኝ።

«ቤታችን ከገባህ ታውቃለህ» አልኩት። «ካወቅህ ደግሞ መደበቅ አትችልም።»

«አልችልም።»

«የወደድኩህ ለዚሁ ነው። የማልጋብዝህም ለዚሁ ነው።»

እጄን አልለቀቀም። መርከቡ ሲጮህ ነው የተለያየነው። ያን ምሽት ከመርከቡ ጫፍ ቆሜ ወደኋላ እያየሁ አለቀስኩ፤ ምክንያቱም አባቴን ሳልጥል እሱን፣ እሱን ሳልጥል አባቴን የማኖርበት መንገድ አልታይ አለኝ።

ከዚህ የገላገለችን የሳቬሪዮ ምላስ ናት። የዴሜትሪዮ ልጅ ፎርቱናታ በየሳምንቱ ሲሲሊ ትመላለሳለች፣ ቀንዱ አሁን በልጅ በኩልም ሊመጣ ነው እያለ ማውራት ጀመረ። ወሬው ቤታችን ሲደርስ አባቴ ጠረጴዛውን በቡጢ መታ። እናቴ እስኪጨርስ ጠበቀችና ሰውየውን እሑድ ለምሳ ይዘሽው ነይ አለችኝ። በቤታችን አባቴ ይጮሃል እንጂ የሚሆነው እናቴ ያለችው ነው።

ሌቴርዮ በዚያ የነሐሴ ሙቀት ኮቱን ለብሶ፣ ጣፋጭ በካርቶን ይዞ መጣ። ከመንገዱ ልቀበለው ወርጄ አባቴ ምንም ቢጠይቅህ ስለ አየሩ አውራ ብዬ ለመንኩት። በአባትሽ ማዕድ ላይ ቀርቤ አልዋሽም አለኝ። ቤት ሳይገባ ልመልሰው አሰብኩ፤ እናቴ ግን በረንዳው ላይ ሆና እጇን እያወዛወዘች ነበር።

ምሳው በፍየል ሥጋ የተሠራ ፓስታ ነበር። እናቴ ሁለት ጊዜ ደገመችለት፤ አስተያየቷን ሳየው እንደወደደችው ገባኝ። አባቴ ሥራውን ጠየቀው፣ ስለ ወላጆቹ ጠየቀው፣ ወይን ቀዳለት። ከዚያ ሹካውን አስቀመጠና የእኔ ልጅ በየሳምንቱ በዘንቢል የምታመጣልህ ምንድን ነው አለው።

«የተርብ ቤት ነው፣ ዶን ዴሜትሪዮ።»

«ለምንህ?»

«የማክመው አዶርኖ አለ። እሱ ነው የሚበላው።»

አባቴ ማላመጡን አቆመ። አዶርኖው መቼ እንደመጣ ጠየቀ፤ ሌቴርዮ በሚያዝያ መጨረሻ አለው። የት የተመታ ነው ሲለው ግራ ክንፉን አለው። አባቴ ከወንበሩ ተነሣ። ከባሕሩ በኩል ነበር የመጣው፣ ፀሐይዋ ዓይኔ ላይ ነበረች፣ ግራ ክንፉን ነው የመታሁት እያለ እጁን ዘርግቶ አሳየን። እጁ አልተንቀጠቀጠም። ፊቱ እንዲያ ሲበራ ካየሁት ዓመታት አልፈዋል።

«መትቼው ነበር!» አለ። «ኑንዚያታ፣ ሰማሽ? መትቼው ነበር።»

የገዛ አፉ ጉድ ሠራው። እሱ ግን ጉድ መሆኑ አልገባውም። የሌቴርዮን ክንድ ይዞ ተነሣ፣ አሁኑኑ ቡና ቤት እንሂድ፣ ሳቬሪዮ ፊት ቆመህ ይህንኑ ትነግራቸዋለህ አለው። ልጄንም ውሰድ፣ ማሳውንም ውሰድ፣ ብቻ ንገርልኝ አለው። እኛ ዘንድ ሰው የሚያፍረው በመምታቱ ሳይሆን በመሳቱ ነው።

ሌቴርዮ ቀስ ብሎ ተነሣ። ፊቱ ገርጥቷል።

«እመጣለሁ» አለ። «እናገራለሁም። ግን ቡና ቤት የተናገርኩትን የደን ጠባቂዎቹ ሲጠይቁኝም እናገራለሁ። እዚያ አንድ፣ እዚህ ሌላ ማለት አልችልበትም።»

አባቴ መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ወፉን ከእጁ ሥር ነጥቄ የወሰድኩት እኔ መሆኔ፣ ገደል ለገደል ሲንከራተት እያየሁ ዝም ማለቴ አንድ ላይ ገባው። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ለሌቴርዮ በሩን አሳየው።

«ተቀመጡ፣ ሁላችሁም» አለች እናቴ።

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። እጇን በሽርጧ ጠረገችና አባቴ ፊት ቆመች።

«ሳቬሪዮ ጣቱን ግንባሩ ላይ ሲያቆም የሚስቁት በአንተ ይመስልሃል? በእኔ ነው። በዚህ ቤት እናትህን አስታምሜ ቀብሬያለሁ፤ ልጅህን አሳድጌያለሁ፤ ሌላ ደጅ ረግጬ አላውቅም። ይህን የሚመሰክርልኝ ወፍ ነው? ከተጋባን ጀምሮ ጸደይ በመጣ ቁጥር ስሜን እዚያ ላይ በጥይት ስትፈልግ ኖርክ። አንድ ቀን እንኳ ዘወር ብለህ እኔን አልጠየቅከኝም።»

እናቴ ፓስታው እየቀዘቀዘ ነው ብላ ተቀመጠች። አባቴ ባርኔጣውን ሳይዝ ወጣና በማሳው በኩል ወረደ።

ሌቴርዮን እስከ ታችኛው መንገድ ሸኘሁት። ነሐሴ ሳያልቅ አዶርኖዎቹ ወደ አፍሪካ ሲመለሱ ወፉን ከተራራችን ላይ እንደሚለቀው፣ ጠባቂዎቹም እንደሚመጡ፣ እንደሚጠይቁትም ነገረኝ። ጠላሽኝ ወይ አለኝ። ተናድጄ ነበር፤ እሱ ትክክል በመሆኑ፣ ያኛው ደግሞ አባቴ በመሆኑ ተናድጄ ነበር። አልጠላሁህም አልኩት፤ ግን አባቴን አሳልፈህ ከሰጠኸው በኋላ አንድ ቤት ውስጥ እንዴት እንደምኖር አላውቅም አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። እሱም አያውቅም ነበር።

እነዚያን ቀናት ቤታችን ውስጥ ድምፅ ጠፋ። አባቴና እናቴ ሲነጋገሩ የሰማሁት አንድ ማለዳ ብቻ ነው፤ በረንዳው ላይ ቀስ እያሉ ያወሩ ነበር፤ ምን እንደተባባሉ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። ከዚያ ወዲያ ግን አባቴ እሷን ቀና ብሎ ማየት ጀመረ።

የመልቀቂያው ቀን ተራራው ጫፍ ላይ ንፋሱ ደህና ይነፍስ ነበር። ሌቴርዮ ሣጥኑን ከመሸጊያው አጠገብ አስቀመጠ። ሁለት የደን ጠባቂዎች በመኪና መጡ። እናቴም ወጣች፤ በሕይወቷ እዚያ ጫፍ ወጥታ አታውቅም፤ መሸጊያውን ዞር ዞር ብላ አየችውና ለዚህ ነው እንዴ አለች። አባቴ ከንጋት ጀምሮ የለም።

ወፉን ገልጠው አዩት። ከዚያ ሽማግሌው ጠባቂ ወደ ሌቴርዮ ዞረ። ሌቴርዮ አየኝ፤ ዓይኑ ውስጥ ያለው ፍርሃት የእኔው ፍርሃት ነበር። እሱ አፉን ከመክፈቱ በፊት ቀደምኩት። በሌላ ሰው አፍ አባቴ እንዲጠራ አልፈለግኩም፤ የምወደው ሰውም ይህን ሸክም ለብቻው እንዲሸከም አልፈለግኩም።

«የወደቀው በእኛ ማሳ ነው» አልኩ። «ያነሣሁት እኔ ነኝ። የመታው…»

«ይተዉት፣ እናውቃለን» አለኝ ሽማግሌው። ጠዋት ቢሮውን ሲከፍቱ አንድ አዛውንት ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አገኙት። ጠመንጃውን በጠረጴዛ ልብስ ጠቅልሎ ሰጣቸው። ወደዚያ ከመሄዱ በፊት ቡና ቤት ጎራ ብሎ ለሳቬሪዮ፣ አዶርኖውን መታሁት፣ አሁን ልከፍልበት መሄዴ ነው፤ ስለ ኑንዚያታ ግን ከእንግዲህ የምጠይቀው ራሷን ነው ብሎት እንደመጣም ነገራቸው። ቃሉን ሲቀበሉት ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ለመናቸው፤ አልሳተም ብላችሁ ጻፉልኝ አላቸው። ጠባቂው ይህን ሲናገር ሊስቅ ፈልጎ እናቴን አይቶ ተወው።

አባቴ ከታች ቁና ቁና እየተነፈሰ ሲወጣ አየነው። ባዶ እጁን ነው። እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ግራ ገብቶት አንዴ ኪሱ ይከታቸዋል፣ አንዴ ያወጣቸዋል። ሄጄ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። ፍርድ ቤት እንደሚጠሩት ነገረኝ፤ ኮቴን ተኩሽልኝ አለኝ። እናቴ አጠገቧ ድንጋዩ ላይ ቦታ ለቀቀችለት።

ሌቴርዮ ሣጥኑን እንድከፍት ምልክት ሰጠኝ። ከፈትኩት። አዶርኖው እንደ ዶሮ እየተራመደ ወጣ፣ ላባውን አራገፈ፣ አንድ በአንድ አየንና ገደሉ አፍ ላይ ቆመ። ከዚያ ዘለለ። መጀመሪያ ቁልቁል ወረደ፤ እጄ አፌ ላይ ቀረ። ከማሳችን በላይ ንፋሱን አገኘ መሰለኝ፣ ግራ ክንፉን ትንሽ እያዘነበለ ከፍ አለ፣ ባሕሩ ላይም ወጣ። አባቴ የዓይኑን ዕንባ በእጁ ጀርባ ጠረገና ሌቴርዮን ደህና አድርገህ ነው የጠገንከው አለው።

ሌቴርዮ ይህን ጊዜ ኮቱን ቆለፈ። አባቴ ፊት ሄዶ ቆመ።

«ዶን ዴሜትሪዮ፣ ስለ ፎርቱናታ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር።»

አባቴ እጁን አነሣና አስቆመው።

«ስለ እሷ እኔን አትጠይቀኝ» አለው። «እኛ ወንዶች ስለ ሴት እርስ በርሳችን ስንጠያየቅ የት እንደደረስን አየህ። እሷን ጠይቃት። ስትመልስልህም እመናት።»

ሌቴርዮ ወደ እኔ ዞረ። እናቴ፣ አባቴ፣ ሁለቱ ጠባቂዎች ሁሉ እያዩን ነው። ባልሽ ልሁን ወይ አለኝ፤ እድሜ ልክሽን ትወጂኛለሽ ወይ አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

አመነኝ።